ቅናሹ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን

ይድረስ ላፍቶ ለሚገኘው የእንስሳት ሕክምናና መድኃኒት ቤት ባለቤት

የተከበሩ ዶክተር፣

ስምዎንም የቤትዎንም ስም የማልጠቅሰው ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከጀሞ እስከ ሃና ማርያም የቅናሽ ወረቀት የሚያድል ንግድ ቤት ሞልቷል። ለእርስዎ መጻፌ እርስዎ የሚሸጡት ጫማ ወይም ሻምፑ ስላልሆነ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ውሻችን ሲከተብ ከክትባት ካርዱ ጋር ኩፖን ተሰጠን። በሚቀጥለው ክትባትና በመድኃኒት ላይ 20 በመቶ ይቀነሳል ይላል። ከግርጌው «እስከ 30/9» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሐምሌ ላይ ይዤው ብመጣ ገንዘብ ተቀባይዋ አገላብጣ አየችውና «አልፎበታል» አለችኝ። ወረቀቱ የታተመው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀኑም በፈረንጆቹ ነው፣ መስከረም 20 ገደማ ድረስ ያገለግላል ብዬ ነበር። እርሷ ግንቦት 30 ብላ አነበበችው። የቱ እንደሆነ የሚወስን ሰው ስጠይቅ «ኃላፊው የሉም» ተባልኩ።

ጎረቤቴ ደግሞ ቀኑ የማያከራክር ኩፖን ይዞ ቢሄድ «በቅናሽ የሚሰጠው ክትባት አልቋል» አሉት። ክትባቱ በመስታወቱ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሮ እያየው ነው፤ ሙሉ ዋጋ ለሚከፍል አላለቀም። እንግዲያውስ የትል መድኃኒትና የቁስል መርጫ ልግዛበት ሲል «ቅናሹ ለክትባት ብቻ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። ክትባት ሲጠየቅ አልቋል፣ መድኃኒት ሲጠየቅ ለክትባት ብቻ፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

የእናንተም ችግር አይጠፋኝም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት በድሮው ዋጋ ይሸጥልን የሚል የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቆ ማቆየትም ወጪ ነው። ቅናሽ ስጡን ብለን አላስገደድንዎትም። ማህተም አሳርፈው ከሰጡን በኋላ ግን ቃል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሚነበብ ሠራተኛዋና ደንበኛው ያልተስማሙበት ቀን በቂ መረጃ ነው አይባልም።

ሰው መድኃኒት በሚቸገርበት ከተማ ስለ ውሻ ኩፖን ደብዳቤ መጻፍ ቅብጠት የሚመስለው አይጠፋም። ለእርሱ መልሱ ያለው በእርስዎ ሙያ ውስጥ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከተነካሾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ በቀጠሮ የሚሰጠው የመርፌ ምልልስ ይከተላል። የአንድ ውሻ የዓመት ክትባት ከዚያ ሁሉ ጣጣ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል የምትሉን እናንተው ናችሁ። ታዲያ ያንን 70 በመቶ የሚሞላው ማን ነው? ባለ ገንዘቡማ ኩፖን ኖረም አልኖረ ያስከትባል። ቁጥሩን የሚሞላው ውሻው ሌሊት ግቢ የሚጠብቅለት፣ ቀን በሩ ሲከፈት ከሰፈር ውሾች ጋር የሚውልበት፣ 20 በመቶዋን አስቦ ከቤቱ የሚነሳ ሰው ነው። ይህ ሰው ከባንኮኒው ባዶ እጁን ሲመለስ «ደመወዝ ሲገባ» ይላል፤ ደመወዝ ሲገባ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀድማል፤ የካርዱም ቀን ያልፋል። ኩፖኑ ባይኖር ኖሮ ከመጀመሪያው ሙሉ ዋጋውን አጠራቅሞ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቅዎት ሦስት ነገር ነው። የማብቂያውን ቀን ወሩን በስሙ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ በአማርኛ ይጻፉልን። ቅናሹ የሚመለከታቸውንና የማይመለከታቸውን ዕቃዎች ከነዋጋቸው ዘርዝረው ባንኮኒው አጠገብ ይለጥፉ። የክትባት ቀን እንዳያልፍ ሲባል እርስዎ በሌሉበት ጊዜም ኩፖን አይቶ የሚወስን ሠራተኛ ይመድቡ።

ይህ ከከበደ 20 በመቶው ይቅርና 5 በመቶ ከዋጋው ላይ ቀንሰው ለመጣው ሁሉ እኩል ይሽጡ። እርሱም ካላዋጣ ኩፖን ማደሉን ያቁሙ። ሙሉ ዋጋውን ቀድሞ የነገረን ሰው አያስቀይመንም፤ አጠራቅመን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላፍቶ ነዋሪና ደንበኛዎ