በደል ለወራሪ የይለፍ ወረቀት አይሆንም

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ በምናደርገው ክርክር አንዳንዶች፥ «ኢጣሊያ ባትመጣ የዚህ የቡና አገር ሕዝብ ከባርነት መቼ ይወጣ ነበር?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ባርነት የሚለውን ቃል ሲሰሙ «የፋሺስት ፈጠራ ነው» ብለው ይቈጣሉ። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን።

እውነት አይሸፈንም። ከቤንች፥ ከማጂና ከከፋ ሰው እየታደነ ተሸጧል፤ መንደር ባዶ ቀርቷል። ያደኑትም የገዛ አገራችን ባለጠመንጃዎች ነበሩ። ሞሶሊኒ ግን ይህን ቍስል ሰበብ አደረገው እንጂ አላከመውም። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ጄኔቭ ለነበረው የመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ጽሑፍ ባርነትን ጠቅሳ ኢትዮጵያ ለአባልነት አትገባም አለች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሯ ጦርነት ሳይታወጅ መረብን ተሻገረ።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? የማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ የአባል አገር ግዛት እንዳይደፈር ያዛል። ኢጣሊያ ራሷ በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ፈርማ ጠብን በግልግል ለመጨረስ ተስማምታለች፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ ጦርነትን የፖለቲካ መሣሪያ ላለማድረግ ፈርማለች። በ1917 ዓ.ም. ውል የተከለከለውን የመርዝ ጋዝም በሕዝባችን ላይ አዘነበች። ባርነትን ሽሬአለሁ ያለው እጅ ይኸው እጅ ነው!

ማኅበሩ ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ ፈረደ፤ ዳሩ ግን ነዳጅ ዘይት አልከለከላትም። ፍርድ ነበረ፥ ፈጻሚ ጠፋ። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሮም «ኢትዮጵያ ግዛቴ ናት» ብላ ስታውጅ፥ በዚሁ በእኛ ወገን በጎሬ የኢትዮጵያ አስተዳደር ገና ቆሞ ነበር። ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን የሰጡት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ነው። ያልተያዘ አገር በየትኛው ሕግ ግዛት ይባላል?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1967 ዓ.ም. ወረራን ሲተረጕም፥ የፖለቲካም ሆነ የኤኮኖሚ ወይም የጦር ምክንያት ወረራን ትክክል አያደርገውም ብሏል። የጎረቤቴ ቡና በአረም ተዋጠ ብሎ አጥር ጥሶ የሚለቅም ሰው ሌባ ነው እንጂ አራሚ አይባልም። ዛሬም ድንበር የሚጥስ ኀይል ሁሉ የሚጠቅሰው የተበደለ ሕዝብ አያጣም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን የማጂን መከራ ሳይሸፍኑ ያስተምሩን፤ እኛም የበደልን መዝገብ በገዛ እጃችን እንክፈት። ወራሪን ግን፥ የትም ይሁን የት፥ ነጻ አውጪ ብለን አንጥራ!