ቅጹን ይዞ መሟገት

የምርጫ ውጤት ሲነገር ማኅበራዊ ሚዲያው ይናወጣል። ያን ጊዜ «ኢንተርኔቱ ይዘጋ» የሚል አይጠፋም። የኬንያ የ2022 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ግን ሌላ መንገድ አሳይቶናል።

የምርጫ ኮሚሽኑ ከ46 ሺህ በላይ ጣቢያዎች የመጡትን «34ኤ» የተባሉ የውጤት ቅጾች ማንም በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ለቀቃቸው። ተራው ዜጋ እያወረደ መደመር ጀመረ።

ኦገስት 15 ሊቀ መንበሩ ዋፉላ ቼቡካቲ፣ ዊሊያም ሩቶ 50.49 በመቶ አግኝተው ራይላ ኦዲንጋን (48.85) ማሸነፋቸውን አወጁ። ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ግን «አንቀበልም» አሉ። አንዱ ምክንያታቸው የተወዳዳሪዎቹ ድርሻ ሲደመር 100.01 በመቶ ይሆናል፤ ትርፉ ወደ 142 ሺህ ድምፅ ነው የሚል ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሕዝብ ካልኩሌተሩን አወጣ። ከ14.2 ሚሊዮን ድምፅ 0.01 በመቶው 1,420 ገደማ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቁጥር ሲጠጋጋ የመጣ እንጂ የተሰረቀ ድምፅ አይደለም።

ሁሉም ተስማማ እያልኩ አይደለም። ኪሱሙ ውስጥ ጎማ ተቃጥሏል። ኦዲንጋም ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 5 ውጤቱን አጽንቷል። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ግን ከ1,100 በላይ ሰው ያለቀባት ያቺው ኬንያ ናት።

ልብ በሉ! ሰው በውጤት መናደዱ አይቀርም። ጥያቄው የተናደደው ሰው እጅ ላይ ምን አለ ነው። ቅጹ ካለ በቁጥር ይሟገታል። ከሌለ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬን ደግሞ ኔትወርክ መዝጋት አይገድለውም።