ለሮም ስንት ሌሊት?

ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ፣ እሪ በከንቱን ታክኮ የሚገኘው ድልድይ በስማቸው የሚጠራላቸው ራስ መኰንን፣ ገና ደጃዝማች ሳሉ በዳግማዊ ምኒልክ ተልከው በ1881 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ኔፕልስ ላይ ከመርከብ በወረዱ ጊዜ፣ የጣልያን መንግሥት ኃይሉን ሊያሳያቸው ከከተማ ወደ ከተማ ይዟቸው ዞረ፤ እርሳቸውም በሮም በንጉሥ ኡምቤርቶ ፊት ቀርበው፣ በመስከረም 1882 ዓ.ም. በኔፕልስ የውጫሌን ውል ተጨማሪ ስምምነት ፈርመው፣ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት በዚያ ምድር ወራት ቈይተዋል። በኅዳር 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ የጣልያንን ጦር የገጠሙት መኰንን፣ እንግዲህ፣ የባላጋራቸውን አገር በዓይናቸው ያዩ፣ በሰንበቱም በሥራ ቀኑም በመካከሉ የኖሩ ሰው ነበሩ።

የዛሬው ተጓዥ ወራት አይሰጠውም። ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው ስምንት ወይም ዐሥር ሌሊት ነው፤ ምክር የሚጠይቁኝ ወዳጆቼም የሚጨነቁት እነዚህን ሌሊቶች ለሮም፣ ለፍሎረንስ፣ ለቬኒስ፣ ለሚላኖና ለኔፕልስ እንዴት እንደሚያካፍሉ ነው። በአራዳ ያደገ ሰው ማኪያቶውንና ፓስታውን፣ በጣልያን እጅ የተሠሩትንም ሕንፃዎች ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ አገሪቱን አስቀድሞ ያወቃት ይመስለውና ለየከተማው አንዳንድ ሌሊት ይበቃል ብሎ ይቈርጣል። ይህን አሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ለጥድፊያው ሌላ ምክንያት እንዳለው አልክድም። የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የየሌሊቱን ማደሪያ በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባወጣው ውሳኔ ማመልከቻው የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባውም ቪዛ ታግዷል። የፈረንሣይ ሰው «የቀረውን በሚመጣው ዓመት አየዋለሁ» ብሎ በሰላም ሲተኛ፣ የእኛ ሰው በሩ ዳግመኛ ይከፈትልኝ እንደሆነ ማን ያውቃል በማለት ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊጨብጥ ይነሣል። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ዳሩ ግን ምናልባት ዳግመኛ የማናየውን አገር በባቡር መስኮት አይቶ መመለስ በእጦት ላይ እጦት መጨመር ነው። ፈጣኑ ባቡር ከሮም ፍሎረንስ በአንድ ሰዓት ተኩል ያደርሳል ሲባል መንገዱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአንዱ ከተማ ማደሪያ በጠዋት ይለቀቃል፣ የሁለተኛው ከቀትር በኋላ ይከፈታል፣ በመካከሉም ሰው ሻንጣውን እየጐተተ ግማሽ ቀን ያልፍበታል። ስድስት ከተማ ያሰበ ሰው አምስት ጊዜ ይነሣል፤ ከጠባቡ ቀኑም ሁለት ቀን ተኩሉን ለጓዙ ይገብራል።

ስለዚህ ከዐሥሩ ሌሊት ስድስቱን ለሮም እሰጣለሁ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተኋላ፣ በሐበሾች ስም የሚጠራው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሮምን ሊሳለሙ የመጡ መነኮሳት አባቶቻችን ያርፉበት የነበረ መካን ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ልሳነ ግዕዝን ከእነርሱ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍም ይህ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት በዚያው ሳሉ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም አባ ጎርጎርዮስ ሉዶልፍ ከሚባለው ሊቅ ጋር የተገናኙት በዚያው ነው። ወደዚህ ቦታ እንደ ልብ አይገባም፤ አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ፣ መልሱንም በትዕግሥት መጠበቅ ያሻል፤ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር ሰው ሊያደርገው የማይችለው ይህን ነው። በባሲሊካው መካከለኛ በር ላይ ደግሞ፣ በ1445 እ.ኤ.አ. ፊላሬቴ በጨረሰው የነሐስ ቅርጽ ውስጥ፣ ከፍሎረንስ ጉባኤ ወደ ሮም የመጡት የምሥራቅ መነኮሳት ይታያሉ፤ ሰልፈኛው ግን ገፍቶ ያልፋቸዋል።

አንዱን ምሽት ለአበበ ቢቂላ መንገድ መለየት ይገባል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ከካምፒዶልዮ ተነሥቶ፣ በችቦ ብርሃን በጥንቱ አፒያ ጎዳና ተመልሶ፣ በቈስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ከፍጻሜው አስቀድሞ ያለፈበት አደባባይ፣ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ተዘርፎ የሄደው የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመልሶ ዛሬ በአክሱም ቆሟል። ሐውልቱ የለቀቀውን ሥፍራ ቆሞ ማየት፣ ለእኔ፣ ከብዙ ቤተ መዘክር ይበልጣል። ከስድስቱ ቀን አንዱ እሑድ ይሁን፤ የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር በሰንበት ስለሚዘጉ፣ ያ ቀን በዚያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ጋር ለማስቀደስ ነጻ ይሆናል። ለኔፕልስም ማደሪያ መለወጥ አያስፈልግም፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ አማርኛ ያስተማሩባትን ከተማ በጠዋት ባቡር ሄዶ ለማታ መመለስ ይቻላል።

ለፍሎረንስ ሁለት ሌሊት ይበቃታል። በዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ1441 እ.ኤ.አ.፣ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩት መነኮሳት በጳጳሱ ፊት የቀረቡባት ከተማ ናት፤ ሰኞ ብቻ አይዋልባት፣ ኡፊትሲ በዚያ ቀን ይዘጋልና።

የቀሩት ሁለቱ የቬኒስ ናቸው። ብዙዎች ጠዋት ገብተው ማታ ይወጣሉ፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህም ከተማዋ በተወሰኑ ቀናት የቀን ጐብኚን ታስከፍላለች፣ ያደረውን ግን ከዚህ ክፍያ ነጻ ታደርገዋለች። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 እ.ኤ.አ. ነብሮችን ይዘው የደረሱት ወደ እርሷ ነው፤ በዐሥራ አምስተኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የተሠራውና ደቡብን ወደ ላይ ያደረገው የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታም፣ ስለ አገራችን ከራሳቸው ከኢትዮጵያውያን ካህናት የተገኘ ዕውቀት ያለበት፣ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ሀብትነት በዚያው ይገኛል። በችኰላ የሚታይ ካርታ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ጠዋት ይፈልጋል።

ሚላኖን ማደሪያ አላደርጋትም፤ መግቢያ በር ትሁን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሚላኖም ወደ ሮምም ስለሚበር፣ በሚላኖ ወርዶ በዚያው ቀን በባቡር ወደ ቬኒስ መሻገር፣ ከዚያ ወደ ፍሎረንስ መውረድ፣ በመጨረሻም ሮም ገብቶ ከፊዩሚቺኖ መሳፈር ይሻላል። በጣልያን የባቡር ሠራተኞች አድማ የተለመደ ነውና መንገድ ላይ አንድ ቀን ቢባክን እንኳ ጉድለቱ የሚያርፈው ስድስት ሌሊት በተያዘላት በሮም ላይ ነው፤ እርሷም ትችለዋለች።