ለጠላቂ ባል የገና ስጦታ

ለወንድ የበዓል ስጦታ መግዛት እንደሚከብድ የደረሰባት ታውቀዋለች። ዘንድሮ ሸሚዝ፣ ለከርሞ ቀበቶ፣ ከዚያ ሽቶ፣ ከዚያ እንደገና ሸሚዝ። ኳስ የሚወድ ከሆነ የክለቡ ማሊያ አለ። መኪና የሚወድ ከሆነም የወንበር ልብስ አይጠፋም። ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ከሆነስ?

«አዳማ ላይ ደግሞ የምን ባሕር!» እንዳትሉኝ። ባሕሩ ጅቡቲ ነው፤ የጅቡቲ መንገድ ደግሞ በእኛ ከተማ ነው የሚያልፈው። ሹፌሩ፣ ትራንዚተሩ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚሠራው ሎጂስቲክስ ባለሙያ፣ ሁሉም የዓመቱን ግማሽ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። አርብ ሲሆን መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ገሚሱ ጫት ላይ ይቀመጣል፣ ገሚሱ ይተኛል፣ ጥቂቱ ደግሞ ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። የእኔው ባል ከጥቂቶቹ ነው። እንደኔ ዓይነት ሴቶች በከተማችን እየበዙ መምጣታቸውን ስላየሁ ነው ይህን ወር በዚህ ጉዳይ ልጻፍ ያልኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ጠላቂ በጀርባው የሚያዝለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይደለም። እኛ አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ የገባ። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች መርዝ ይሆናል። አማቴ ይህን ከሰሙ በኋላም «ልጄ፣ ኦክስጅኑ ቢያልቅበትስ?» ማለታቸውን አልተውም፤ ለእናት አየርም ተባለ ኦክስጅን ማለቁ ነው የሚያስፈራው።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የሻጭን ጠባይ አውቃለሁ። «የተሟላ የጠላቂ ፓኬጅ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ሲሊንደር አይገዛም፤ የጠለቃ ማዕከላት ሞልተው ያከራያሉ፣ በየጊዜው መፈተሽም አለበት፣ የታመቀ አየር እንደሞላ ደግሞ በአውሮፕላን አይጫንም። አየሩን ከሲሊንደር ወደ አፍ የሚያደርሰው ሬጉሌተርም ለስጦታ አይመችም። ዕቃው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው፤ በሠለጠነ ሰው በየጊዜው ተፈትቶ መታጠብና መጠገን አለበት። ራሱ ይምረጠው። በሰው ምርጫ የተገዛ ሬጉሌተር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲያረጅ ማየት ያማል፤ ዋጋው ቀላል አይደለምና።

ማስክ ግን ይገዛል። ብዙ ሰው የዋና መነጽር ገዝቶ ይመጣል፤ እሱ ለሶደሬ ገንዳ እንጂ ለጠለቃ አይሆንም። ምክንያቱ አፍንጫ ነው። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል፤ ጠላቂው ወደ ታች ሲወርድ በአፍንጫው አየር እያስወጣ ማስኩ ውስጥ ያለውን ግፊት ካላመጣጠነ መስታወቱ ፊቱን እንደ ዋግምት ይስበዋል። ስለዚህ ማስኩ አፍንጫን የሚሸፍን፣ መስታወቱም ጠንካራ መሆን አለበት። ልኩን ለማወቅ ማሰሪያውን ሳያስሩ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ ትንሽ መሳብ ነው፤ እጅ ሲለቀው ካልወደቀ ልኩ ነው። ጺማም ከሆነ ከላይኛው ከንፈር በኩል ውሃ ያስገባል፤ ይህን ለመላጨት እንደ ሰበብ የምትጠቀምበት ብትኖር አልከለክልም። ስጦታው እንዳይታወቅ የምትፈልጉ ደግሞ ሳያውቅ ፊቱን መለካት ስለማይቻል፣ የሚቀየርበትን ሁኔታ ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ ደረሰኙን ያዙ። አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ሽፋን ስላለው ቶሎ በጉም ይሸፈናል፤ በተራ የጥርስ ሳሙና ደጋግሞ ማሸት ይፈታዋል። ከማስኩ ጋር አንድ የጥርስ ሳሙና ጠቅልላችሁ ብትሰጡት፣ ነገሩን የምታውቁ መሆናችሁን አይቶ ይደነቃል።

በትንሽ ገንዘብ የሚገኙም አሉ። በአየር ተነፍቶ ከውሃው በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ብርቱካንማ ቱቦ አለ፤ ጠላቂው ከጀልባው ርቆ ሲወጣ የሚታየው በእሱ ነው። ፊሽካም እንዲሁ። የማዕበል ድምፅ ባለበት የሰው ጩኸት ሩቅ አይሄድም። የውሃ ውስጥ ባትሪም ጥሩ ነው፤ ቀን ቀንም ያገለግላል፣ ወደ ታች ሲወረድ ቀይ ቀለም ቀድሞ ስለሚጠፋ መብራት ካላበሩበት ቀዩ ዓሣ ግራጫ ነው የሚመስለው። ጋቢስ? ጋቢ ምንጊዜም ደግ ስጦታ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ከሰውነት ይወስዳል፤ ጅቡቲ ላይ እንኳ ከሁለት ጠለቃ በኋላ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ጋቢው ግን ማታ ቤት ይጠብቀው፣ ጀልባ ላይ አይውጣ። ያን የመሰለ ጥበብ ያለበት ጋቢ በጨው ውሃ ሲበላሽ ማየት አልፈልግም።

በጀታችሁ ከፍ የሚል ከሆነ አንደኛ ምርጫዬ ዳይቭ ኮምፒውተር ነው። የእጅ ሰዓት ይመስላል፤ ዋጋው ከመካከለኛ ስልክ ጋር ይወዳደራል። ጥልቀቱንና ጊዜውን እየመዘገበ፣ ሰውየው ስንት ደቂቃ እንደቀረውና ከወጣ በኋላ ስንት ሰዓት ሳይበር መቆየት እንዳለበት ይነግረዋል። ይህቺ የመጨረሻዋ ቁጥር ናት የእኛን ቤት የምትመለከተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላቂው በግፊት ውስጥ ሲተነፍስ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ወደ ደሙና ወደ ሰውነቱ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ ቀስ ብሎ በትንፋሽ ይወጣለታል፤ ግን ከውሃ ሲወጣ ወዲያው አያልቅም፣ ሰዓታት ይፈልጋል። ናይትሮጂኑ ሳያልቅለት የአየር ግፊት ወደ ቀነሰበት ቦታ ከወጣ አምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚሆነው ይሆናል፤ አረፋው በሰውነቱ ውስጥ ይነሣል። ለዚህ ነው ጠልቆ የዋለ ሰው ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈር የሚባለው። በጠላቂዎች ደኅንነት ላይ የሚሠራው ዳን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ምክሩ ግልጽ ነው፦ አንድ ቀላል ጠለቃ ብቻ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ እየቆመ መውጣት ግዴታ የሆነበት ከባድ ጠለቃ ከነበረ ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን አዳማ ራሷ አውሮፕላን መሆኗን ነው። ምክሩ የሚመለከተው ከ600 ሜትር በላይ መውጣትን ሁሉ ነው፤ በክንፍም ይሁን በጎማ። ጅቡቲ ከባሕር ጠለል እኩል ናት። ድሬዳዋ ስትደርሱ 1,200 ሜትር ገደማ ወጥታችኋል፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ባቡሩም ሆነ መኪናው ያንኑ ዳገት ነው የሚወጣው። «እኔ እኮ በምድር ነው የመጣሁት» የሚል ጠላቂ ሒሳቡን አልሠራውም።

አሁን የበዓሉን ሳምንት አስቡት። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ጅቡቲ ግን በዚያ ቀን ሥራ ላይ ናት፤ የእኛ ሰው ዕቃውን አስለቅቆ፣ ወረቀቱን ጨርሶ፣ በ27 ከሰዓት በኋላ «አንዴ ልጥለቅና ልምጣ» ይላል። በ28 ንጋት ላይ መንገድ ይጀምራል፤ ዶሮው ሳይወጠወጥ መድረስ አለበትና። ከቀኑ በ8 ሰዓት ከውሃ የወጣ ሰው 18 ሰዓት የሚሞላለት በማግስቱ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ነው፤ እሱ በዚያ ሰዓት ዳገቱን ተያይዞታል። ቤት ደርሶ ትከሻውን ወይም ጉልበቱን ሲያመው፣ እጁን ሲደነዝዘው፣ ሲደክመው ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፦ መንገድ ነው፣ ጋደም በል። ምናልባት መንገድ ላይሆን ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ በጠለቀ ማግስት እንዲህ ያለው ሰው ማሸትና ማስታገሻ ሳይሆን ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አዎ፣ አሁን ንጹሑ ኦክስጅን፤ አማቴ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ሆስፒታል ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ትናንት ባሕር ውስጥ ጠልቆ ነበር» የሚለውን ይሁን፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ አዳማ ላይ ይህን በምን ይጠረጥራል?

ስለዚህ ከሱቅ የማይገኘው ስጦታ አንድ ደረቅ ቀን ነው። የመጨረሻው ጠለቃ በ26 ይሁን፣ 27 በምድር ላይ ይዋል፣ በ28 ይምጣ። ለዚያች ተጨማሪ ሌሊት የሆቴሉን እናንተ ክፈሉለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልኩን አትጨቅጭቁት። «በጉን ማን ይግዛ? እንግዳ እየመጣ ነው፣ የት ደረስክ?» የሚለው ጥሪ ነው ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያስቸኩለው። በጉን ወንድሙ ይግዛው። ይህን ለአማቾቻችሁ አስቀድሞ ማስረዳት ከባሎቻችሁ ይልቅ የእናንተ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከፍቼ ነው ያስረዳሁት፣ ሠርቷል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የጠላቂ ኢንሹራንስ ነው። ዳንን የመሳሰሉ ድርጅቶች በዓመት የሚታደስ አባልነት አላቸው፤ አደጋ ቢደርስ በቀን በሌሊቱ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ ያገኛል፣ እንደ ውሉ ደግሞ የማጓጓዣና የሕክምና ወጪ ይሸፈንለታል። ኢንሹራንስን በጌጥ ወረቀት መጠቅለል እንደማያምር አውቃለሁ። ካርድ ላይ ጻፉትና ከማስኩ ጋር አስገቡት።

«እዚሁ ሐይቆቻችን ውስጥ ለምን አይጠልቅም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ለዋና እንወደዋለን፤ ውሃው ግን ቡናማ ስለሆነ ክንድ ዘርግቶ ጣትን ማየት ያስቸግራል። ዝዋይ ጥልቀት የለውም፣ ጉማሬ ግን አለው። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ናቸው፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ጥልቀት ለሚወድ ሰው ያጓጓሉ። ነገር ግን ለባሕር ጠለል የተሠራው የጠለቃ ሠንጠረዥ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳለ አይሠራም፤ የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል። ያለዚያ ሥልጠና ቢሾፍቱ ላይ ልሞክር ያለ ሰው ካለ እንቢ በሉት።

ጠላቂ ላልሆነው ቤተሰብ ደግሞ የሚበልጠው አብሮ መሄድ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ፤ የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፣ ምግቡ ግን ዓይን በቅጡ የማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከመኪና አያንሱም። ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ ማስክ፣ ስኖርክልና ጥሩ ዋና ይበቃል። አይነኩም፣ መንገዳቸው አይዘጋም። ገና በዓመቱ መሐል እዚህ ወቅት ላይ መውደቁ ዕድል ነው። የቪዛውንና የባቡሩን ነገር በኅዳር ጨርሱ።

ዋናው ግን ቀድሞ ይለመድ። የመጀመሪያ ደረጃ የጠለቃ ፈቃድ የሚወስድ ሰው 200 ሜትር ሳይቆም መዋኘትና 10 ደቂቃ ተንሳፎ መቆየት ይጠየቃል፤ ልጆችም ከ10 ዓመታቸው ጀምሮ መማር ይችላሉ። ሶደሬ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፍል ውሃው በታኅሣሥ ብርድም አያስፈራም። የእኛ ትልቋ ልጅ 9 ዓመቷ ነው፤ በየቅዳሜው እየሄደች እስካሁን ተንሳፎ መቆየቷ 4 ደቂቃ ደርሷል፣ የሚቆጥርላትም አባቷ ነው፣ አገር ውስጥ ሲሆን።