«አንትሮፖሎጂ ምን ያበላል?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። የላከችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስሟንም ግቢዋንም አልጠቅስም። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«የመረጥኩት ሕግ ነበር። ውጤቴ አልበቃ ብሎ አንትሮፖሎጂ ተመደብኩ። ለአባቴ ግን አካውንቲንግ ነው ያልኩት። እሱም ለሰፈሩ ሁሉ ‹ልጄ አካውንታንት ልትሆን ነው› እያለ ያወራል። ለበዓል ቤት ስሄድ ጎረቤት ስለ ሒሳብ እንዳይጠይቀኝ ስሳቀቅ እውላለሁ። የዶርም ጓደኞቼ ደግሞ ‹አንትሮፖሎጂ ምን ያበላል?› እያሉ ይስቁብኛል። ጥዬ ልወጣ ነው። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እኔ ልናዘዝልሽ። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲን ከአጥሩ ውጭ የማውቅ ሰው ነኝ። ስለ አንትሮፖሎጂ የማውቀው ድንቅነሽን ብቻ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን። «በቃ፣ አጥንት ቁፋሮ ነው» ብዬ ደምድሜ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንዲት የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ሰፈራችን መጣች። ለመመረቂያ ጽሑፏ የምታጠናው የሴቶች ዕድር ነው። «ዕድር ደግሞ ምኑ ይጠናል? ወር ሲገባ መክፈል፣ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል!» ብዬ ሙድ ያዝኩባት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችልኝም። እናቴ አጠገብ በርጩማ ስባ ቁጭ አለች። ሽንኩርት አብራ እየላጠች ትጠይቃለች፣ እጇን ጠረግ አድርጋ ትጽፋለች። ሦስት ቅዳሜ ተመላለሰች።

እኔ በር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ለካ እናቴ ዕድሩን ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ ናት! ለምን መሠረቱት? በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር አንዲት ሴት ሞተች። የማንም ዕድር አባል ስላልነበረች ቀባሪ አጣች። እነእናቴ ከየጓዳቸው አዋጥተው ቀበሯት። «ነገ እኛም እንዲሁ ነን» ተባባሉና ዕድሩን ጀመሩ። እናቴ ይህን ስትናገር አለቀሰች። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስኖር አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ዕድር ማለት ድስትና ሰሃን ይመስለኝ ነበር። እናቴን ያስተዋወቀችኝ ያቺ የሳቅኩባት ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ። ማሊኖውስኪ የሚባል ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በፓስፊክ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳን ተክሎ ኖረ። የአገሩ ሰዎች የዛጎል ጌጥና አምባር ይዘው በታንኳ ባሕር እያቋረጡ ይለዋወጣሉ። ላየው ከንቱ ድካም ነው። እሱ ግን ቋንቋቸውን ተምሮ ሲጠይቅ፣ ከጌጡ ጋር አብሮ የሚዞረው ወዳጅነትና ክብር መሆኑን ተረዳ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1922 ወጣ። ወደኛ ስንመጣ ደግሞ አስመሮም ለገሰ ቦረና ሄዶ ያጠናው የገዳ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ዩኔስኮ ገዳን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንግዲህ ትምህርትሽ ይህ ነው፤ ሰው ዘንድ ቁጭ ብሎ መጠየቅና መስማት።

አሁን ወደ ምክሩ። ስለ እንጀራው አልዋሽሽም። «አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እንደ አካውንታንት በየቦርዱ አይለጠፍም። ተመራቂዎቹ ሙዚየም፣ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ የጥናት ሥራ ላይ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ዲግሪውን ብቻሽን አትጠብቂው። አንድ ተጨማሪ የአገር ውስጥ ቋንቋ ልመጂ። ኮምፒውተር ላይ በርቺ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በገንዘብ አታስጽፊ፤ ቀጣሪ ፊት የምታሳዪው እሱን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ መዘናጋት የለም። ዲፓርትመንት መቀየር ከቻልሽም ሬጅስትራር ጠይቂ፤ ሳትጠይቂ ግን ግቢውን ለቀሽ እንዳትወጪ።

የሚከብደው የአባትሽ ነገር ነው። እሳቸው ውሸት ይዘው ሰው ፊት መቆማቸውን አያውቁም። ከሌላ ሰው ከሰሙት ሁለት ጊዜ ይጎዳሉ። ለበዓሉ ስትሄጂ ቡና አፍዪ፣ እንግዳ እስኪሄድ ጠብቂ፣ እውነቱን ንገሪያቸው። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። በማግስቱ ደብተርሽን ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይና «አባዬ፣ እናንተ ልጅ ሳላችሁ የተጣላ ሰው እንዴት ነበር የሚታረቀው?» በያቸው። ዝም ብለሽ ስሚ፣ ጻፊ። አንትሮፖሎጂ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለሽም። መቼም ምን እንደምትማሪ ሰው ሲጠይቃቸው ያን ጊዜ የሚሉት አያጡም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ልብሽ እምቢ ካለ ተዪው፤ አልፈርድብሽም። ግን ስላልወደድሽው ተዪው እንጂ የዶርም ልጆች ስለሳቁ አትተዪው። ሳቁ ያልፋል፤ እኔም ስቄ ነበር።

ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር እንሰንብት!