ትራክተር ስትገዙ ብርቁን ተዉት፣ የበዛውን ፈልጉ



ሰሞኑን የአሮጌ ትራክተር ፎቶ እየላካችሁ «ይሄ አይሻለንም ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። በተለይ በማህበር ሆናችሁ ለመግዛት ያሰባችሁ። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሰብሳቢዎች ትራክተሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች አሮጌ ትራክተር ሲወዱ እኛ ፈረስ እንደምንወደው ነው። ክርክራቸው «ቀለሙ የፋብሪካው ነው ወይ? ሞተሩ ተቀይሯል ወይ? ስንት ተሠርቶ ስንት ቀረ?» ነው። ጥቂት የቀረ ከሆነ ውድ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ከእኛ ጋር ይገናኛል። በፈረንጆች 1950ዎቹ መጨረሻ ኤሴክስ በሚባል አካባቢ ጆርጅ ፕራየር የሚባል ገበሬ ነበር። መሬቱ ከባድ ሸክላ ነው፣ ልክ እንደ እኛ መረሬ። የዚያን ጊዜ ትራክተር ጉልበት አነሰው። ሰውየው ሁለት ፎርድሰን ወስዶ የፊት ጎማቸውን አወለቀና አንዱን ከሌላው ኋላ አጋጠማቸው። ሹፌሩ ኋለኛው ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ይነዳል! ኧርነስት ዶ የሚባል ትራክተር ሻጭ ድርጅት ሐሳቡን ወስዶ ጥቂት መቶዎችን ሠርቶ ሸጠ፤ ስሙም ዶ ትሪፕል ዲ ተባለ። በኋላ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ጉልበታም ትራክተር ሲያወጡ ቀረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

እኔ ግን ልብ በሉ የምለው ሌላውን ነው። ፕራየር ያጋጠመው በአገሩ በየማሳው የሚታየውን ፎርድሰን ነው። ቢበላሽ መለዋወጫው ቅርብ፣ መካኒኩም የሚያውቀው። ብርቅ ያደረጉት በኋላ የመጡት ሰብሳቢዎች ናቸው።

ለሰብሳቢ «ጥቂት ቀረ» ማለት ዋጋ ነው። ለእናንተ ግን ሰኔ ላይ ማሳ መሃል ቆሞ የሚቀር ብረት ማለት ነው። ማሲ ፈርጉሰን 135 ከ1964 እስከ 1975 (በፈረንጆች) የተመረተ አሮጌ ነው፣ ነገር ግን በጣም ብዙ ስለተሠራ እስከ ዛሬ መለዋወጫ ይመረትለታል። ቤላሩስንም መካኒኮቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የፍሪሲዮን ሸራ፣ የናፍጣ ፓምፕ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ብላችሁ ጻፉና ከተማ ወዳለ መለዋወጫ ሱቅ ደውሉ። «የለም፣ ከውጭ ይመጣል» ካሏችሁ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አትግዙት። «የእኛ ጋራዥ ልጆች ሁሉን ይሠሩታል» የሚል አይጠፋም። ቡሎንና ቡሽ አዎ፣ ይሠራሉ። የናፍጣ ፓምፕ ግን በብየዳ አይሠራም ወገኖቼ።

ስለ ብየዳ ካነሳን፣ መጎተቻውን ከፍ አድርጎ ማስበየድ የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። ጭነትም ሆነ ግንድ የሚጎተተው ፋብሪካው ታች ከሠራው መጎተቻ ብቻ ነው። ከኋላው አክስል ወይም ከዚያ በላይ ካሰራችሁ፣ ጭነቱ እንቢ ሲል የትራክተሩ አፍንጫ ይነሳና ወደ ኋላ ሹፌሩ ላይ ይገለበጣል። ለመዝለል ጊዜ የለም። የሹፌር መከላከያ ብረት የሌለው አሮጌ ትራክተር ከሆነ ደግሞ የሚያተርፈው ነገር የለም። እንዲህ ተለውጦ የተበየደ ካያችሁ ዋጋ አትደራደሩ፣ ተዉት።

ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኩልኝ የሞዴልና የሞተር ቁጥሩ የተጻፈበትን ሳህን፣ እንዲሁም የኋላ መጎተቻውን አንስታችሁ ላኩልኝ። ቀለሙ ይቆየን።