«አይሆንልኝም» ማን አስተማራቸው?



ውድ ወገኖቻችን! ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባሉ መድረሳዎች የምናስተምር ኡስታዞችን አንድ ቃል አሳስቦናል፤ «አይሆንልኝም» የምትለዋ። ልጁ ማለዳ ሎሑን ይዞ ይቀመጥና ትናንት ያላወቀውን አያ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል። ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ደብተሩን ሲገልጥ ግን «ይሄ የኛ አይደለም፤ የመሀል አገር ልጆች ነው» ይላል። ጭንቅላቱ ያው ነው። የተለወጠው ስለ ራሱ ያለው እምነት ነው።

እንደማይችል ያመነ ልጅ ጥያቄው ከበድ ሲል እርሳሱን ያስቀምጣል፤ ስላስቀመጠ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ «አላልኩም?» ይላል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ከተማሪዎቻችን ገና ሳይፈተኑ ተስፋ የቆረጡ አሉ። የመጽሐፍና የመምህር እጥረት እውነተኛ በደል ነው፤ ልንጠይቅበትም ይገባል። ግን መብቱን የሚጠይቅም እችላለሁ ብሎ ያመነ ሰው ነው።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ይህ እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲጽፍ፣ ከሁሉ ያስቀደመው ሰው ራሱ ሠርቶ የተሳካለትን ነው። ቀጥሎ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት ይመጣል። ባዶ ማበረታቻ ብቻውን ሩቅ አያስኬድም።

የአፋር ልጅ ደግሞ የሠራው ሞልቶታል። ዳጉ ሲለዋወጥ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ለይቶ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። ሐዲስን ከነሰነዱ የመጠበቅ ጥንቃቄ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ታዲያ ይህን የቻለ ልጅ ታሪክና ሳይንስ እንዴት ያቅተዋል?

እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው። ጥር 2004 በአወሊያ ጥያቄው ሲነሣ «ሙስሊሙ ተደራጅቶ በሰላም መጠየቅ አይችልም» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ያሳመነን ንግግር አይደለም፤ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተመርጦ፣ ሕዝቡ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ በሥርዓት ሲቆም ማየታችን ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ ኡስታዞችም ጥፋት አለብን። የተሳሳተን ልጅ በጓደኞቹ ፊት «ደንቆሮ» ብለን አሳፍረናል። ያች ቃል ከአለንጋ ይልቅ ትቆያለች። አሁን እናርም። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ሰዓት ለልጁ ዛሬውኑ ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ እንስጠው፤ ነገ ጥቂት እናክብድበት። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የአካባቢው ልጆች በሳምንት አንድ ምሽት አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ እናንተን ማየታቸው ከምክራችን ይበልጣል። እናቶችና አባቶች! በልጃችሁ ፊት «ይሄ ሰነፍ ነው» አትበሉ።

ተወኩል እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አይደለም፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት ነው። ችሎታም አማና ነው። «አይሆንልኝም» ብሎ የቀበረው ይጠየቅበታል። አላህ ያግራልን።

አላሁ አክበር!